«ደንብ» ማለት ምን ማለት ነው? ሐረርና የሐረማያ ሐይቅ

«ሬጉሌሽን» የሚለው ቃል በሕግ ተማሪና በሳይንስ ተማሪ ዘንድ ትርጉሙ ለየቅል ነው። የሕግ ተማሪው «ደንብ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የሥነ ሕይወት ተማሪው ግን ሰውነት ሙቀቱንና የደሙን ስኳር በልክ የሚያቆይበትን ሥርዓት ያስባል። ቃሉ የተገኘው «ሬጉላ» ከተሰኘው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ማስመሪያ ማለት ነው። የአማርኛው «ደንብ» ከዚህ ሐሳብ አይርቅም፤ «በደንብ ሠራ» ስንል እንደሚገባው፣ በልኩ ሠራ ማለታችን ነውና። («ደንብ አስከባሪ» የሚለው ስም በከተሞቻችን ከጎዳና ነጋዴዎች ሩጫ ጋር ብቻ መያያዙ ቃሉን ሳይጎዳው አልቀረም።) በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ላይ ይዘን፣ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ከተማ ውኃ ሲያጠጣ በኖረው በሐረማያ ሐይቅ ላይ እንፈትናቸዋለን።

በአገራችን የሕግ ሥርዓት አዋጅ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ በተሰጠው ሥልጣን መሠረት አዋጁን የሚያስፈጽም ደንብ ያወጣል። ከደንቡ በታች የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ይከተላል።

በሳይንስ ግን ደንብ አውጪ አካል የለም። ሰውነታችን ሲሞቅ ላብ ይወጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ወደ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲመለስ ላቡ ይቆማል። ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን ስለሚገታ ይህ አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። «አሉታዊ» መባሉ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ለውጡን ስለሚቃወም ነው። ውጤቱ መነሻውን ይበልጥ የሚያባብሰው ሲሆን ደግሞ አዎንታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን፤ ስሙ ቢያምርም ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ወደ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። ሐረማያ ከሐረር በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው ጥልቀተ ቢስ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ የራሱ ማስተካከያ አለው። ውኃው ሲቀንስ የገጹ ስፋት ይጠባል፤ ገጹ ሲጠብ በትነት የሚጠፋው ውኃ ያንሳል፤ ስለዚህም መጉደሉ ቀስ በቀስ ይገታል። ዝናብ ሲበዛ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሐይቁ ያለ ተቆጣጣሪ ሚዛኑን ጠብቆ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

የውኃ ፓምፕ ግን የሐይቁን ስፋት አያይም። በዙሪያው ያለው ዋነኛ ምርት ጫት ነው፤ ጫት ደግሞ ዋጋው የሚንረው በበጋ፣ ዝናብ ሲጠፋ ነው። በመሆኑም ሐይቁ እጅግ በሚጎድልበት ወር ውኃ የመሳቡ ጥቅም እጅግ ይጨምራል። ውኃው የሸሸበት መሬት በተራው ማሳ ሆኖ መስኖ ይጠይቃል። እነሆ አዎንታዊ ግብረ መልስ! በዚህ ላይ የከተሞች የመጠጥ ውኃና ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ተጨመሩበት። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ የሐረር ቧንቧዎችም ምንጫቸውን አጡ።

የሚገርመው ሕግ አለመጥፋቱ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው ሁሉ እንዲቀድም ደንግጎ ነበር፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 115/1997 የወጣውም ልክ ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ነው። ሆኖም አዋጁ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። ይህ ለአንድ ገበሬ ፍትሐዊ ነው፤ ምሽት ላይ ጉድጓዱን የሚቆፍር ሰው ፈቃድ ፍለጋ ቢሮ ይመላለስ የሚል የለም። ሐይቁ ግን የሚቆጥረው ድምሩን ነው። በዚህ ላይ ሐይቁ የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ ሐረር ደግሞ በሐረሪ ክልል ነው። በእኛ እምነት ግብረ መልሱ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጥማቱ የሚሰማው በአንድ አስተዳደር፣ ፓምፑ የሚሠራው በሌላ አስተዳደር ሥር ነበርና።

የዚህ ዋጋ በፊዚክስ ሊሰላ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሐረር ውኃ የተሳበው ከድሬዳዋ ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ሐረማያ ከሐረር ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የከተሞቹን የ650 ሜትር ልዩነት ብቻ ብንወስድ፣ 1 ሜትር ኩብ ማለትም 1,000 ኪሎ ግራም ውኃ ለማንሳት 1,000 × 9.8 × 650፣ ማለትም 6.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ይህም 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ባለ 100 ዋት አምፖልን 18 ሰዓት ያህል ያበራል። በቧንቧው ሰበቃና በመንገዱ ተራራ የሚጠፋው በዚህ ላይ ይታከላል።

በ2010ሮቹ መጀመሪያ ዓመታት ውኃ ወደ ሐረማያ ተመልሷል። የሚጠብቀው ደንብ ቢጻፍ እንደ ላብ የሚሠራ ቢሆን እንመርጣለን። በሐይቁ ውስጥ የከፍታ መለኪያ ዘንግ ይተከል፤ ውኃው ከተወሰነው ምልክት ሲወርድ በሳምንት የሚፈቀደው የመስኖ ቀን ይቀነስ፤ ሲወጣ ይጨመር። ንባቡም በሁለቱም ክልሎች በይፋ ይለጠፍ። ዘንጉን በየሳምንቱ ማንበብ የአንድ ተማሪ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲም ከሐይቁ ብዙ አይርቅም።