መንገድ ሲሠራ ማን ይጠየቅ?

ዛሬ ስለ አካባቢያዊ ፍትሕ እጽፍላችኋለሁ። አካባቢያዊ ፍትሕ ማለት የልማቱ ጥቅም ለአንዱ፣ አቧራውና ጎርፉ ደግሞ ለሌላው ብቻ እንዳይሆን ማድረግ ማለት ነው።

በቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አስፋልት ያልፋል። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የታቀደው የባቡር መስመርም በራያ ቆላ የሚያልፍ ነው። መንገድ ጥሩ ነው፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት ይደርሳል፣ ማሽላችንም ገበያ ይወጣል።

ግን እኛ ጋ ጎርፍ ጠላት ብቻ አይደለም። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል። መንገዱ ከፍ ብሎ ተሠርቶ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦው ካነሰ ወይም ቦታውን ከሳተ፣ ከላይ ያለው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ ከታች ያለው ይደርቃል። ጎርፉ በየት በየት እንደሚሄድ ደግሞ አያቶቻችን ያውቃሉ። ከብት የሚሻገርበትን እረኛው ያውቃል። የት ጋ መኪና እንደሚያሰጋን እኛ ተማሪዎች እናውቃለን።

እንጠየቅ ማለት ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ እናቶችም እረኞችም ይናገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ ቱቦ መቅበር ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ በእናንተ ሰፈር ክረምት ላይ ጎርፍ የሚያልፈው በየት ነው? አያቶቻችሁን ጠይቁና ሥዕሉን ለክበባችን አምጡ።