ዋንዛ በጓሮ፦ በደብረ ኤልያስ አገር በቀል ዛፍ ለሚተክሉ

ባህር ዛፍ ለመትከል ማንም አያመነታም። ዋንዛ ሲሆን ግን «ነገ አትቆርጥም ብባልስ?» የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ አሁን የሚሠራበት ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ከመንግሥት፣ ከማኅበረሰብና ከማኅበራት ደን ጎን ለጎን ያውቀዋል። ፍርሃቱ ግን ከቀድሞው አዋጅ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። የይዞታ ደብተራችሁን አውጥታችሁ የጓሯችሁ ወሰን በትክክል መስፈሩን እዩ። ከዚያ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና የግብርና ባለሙያ ጠይቃችሁ ምን ዛፍ፣ ስንት፣ መቼ እንደተከላችሁ በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ ያዙ። ይህ የእኔ ምክር ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ጣውላ ለመሸጥ የማጓጓዣ ፈቃድ ስትጠይቁ «ከየት የተቆረጠ ነው?» መባሉ አይቀርም። መንገድ መጥቶ መሬቱ ቢወሰድም አዋጅ 1161/2011 በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት ካሳ ያዛል፤ ዛፉ የእናንተ መሆኑን የሚናገርላችሁ ያ ወረቀት ነው።

በደን ሕጉ ያለውን ማበረታቻም በልኩ ተረዱት። የግብር እፎይታው የታሰበው ለደን አልሚ ነው፤ በአገራችን ደን የሚባለው ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። የአንድ ቤት ጓሮ እዚያ አይደርስም። ተዳፋት የሚጋሩ ጎረቤታሞች ግን በማኅበር ቢደራጁ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያው ስለ ችግኝም ጠይቁ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ወዲህ ችግኝ በየክረምቱ ይታደላል፤ ወይራና ዋንዛ የሚፈልግ በበጋው ይናገር፣ ሐምሌ ላይ የተረፈውን ከመውሰድ ይድናል።

ዛፉን ለአየሩ ምረጡ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ ለጮቄ ተራራ ተዉት። ለወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራና ብርብራ ይስማማሉ። ለአጥር ሰንሰልና ግራዋ ይበቃሉ፤ የሰንሰል ቅርንጫፍ ቆርጦ መሰካት ብቻ ነው።

ዘር የሚገኝበት ምርጡ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ሌላው ሲመነጠር ነባሩ ዛፍ የተረፈው እዚያ ነው። አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ የወደቀውን ልቀሙ፣ ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻ አትልቀሙ፤ የአንድ እናት ልጆች ደካማ ጎን ካላቸው ሁሉም ይጋሩታል። የዋንዛ ፍሬ ሲበስል ቢጫ ሆኖ እጅ ላይ ይጣበቃል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሙጫውን በአሸዋ እያሻችሁ እጠቡና በጥላ አድርቁ። የወይራ ፍሬ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ጫፉን በቀስታ ሰንጥቃችሁ ካልዘፈዘፋችሁት ወራት ያስጠብቃችኋል።

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፣ በየአቅጣጫው 40 ሴንቲ ሜትር፤ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻው አስቀምጡ፣ ሲመለስ ወደ ሥሩ የሚገባው እሱ ነው። መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሲርስ፣ ሐምሌ ላይ፣ ትከሉ። የችግኙን ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ ጣሉ፤ ከሥር የተጠመዘዘ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት። ዋንዛ ሰፊ ጥላ ስለሚዘረጋ ከቤት ግድግዳ 6 ሜትር ያህል ይራቅ።

ችግኝ የሚያልቀው ግን በድርቅ ብቻ አይደለም። አዝመራው ተነሥቶ ከብት ሲለቀቅ ለጋ ቅጠል አይተርፍም። ስለዚህ መከሩ ሳይደርስ እያንዳንዱን ችግኝ በቀጋ እሾህ ክበቡት፤ ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ ማታ ላይ ውኃ አጠጡት።