የጃፓን ሜሎንና የእኛ ጆንያ

ከዋጋው በፊት አንድ ትምህርት።

በ2019 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሁለት የዩባሪ ሜሎን በጨረታ 5 ሚሊዮን የን ተሸጠ። ሁለት ፍሬ ብቻ! የወቅቱ የመጀመሪያ ጨረታ ስለሆነ ማስታወቂያም አለበት። ግን እዚያ ውድ ፍራፍሬ ለአለቃና ለባለውለታ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ጭረት እንኳ ዋጋ ያወርዳል። ሺዙኦካ ላይ ገበሬው ከአንድ ተክል አንዷን ፍሬ አስቀርቶ ሌላውን ይቀነጥሳል።

ቡናም ላይ ያው ናቸው። በ2008 የፀረ ተባይ ቅሪት የኛ ቡና ላይ አገኙና ግዢው ወደቀ። ከተጠረጠሩት አንዱ ጆንያው ነበር፤ ቡናው አይደለም!

ሲዳማ ቡና ለጃፓን የምታዘጋጁ ማኅበራትና ላኪዎች፣ ኬሚካል የነካውን ጆንያ ዛሬውኑ ከመጋዘን አውጡ። ርካሽ ነው ብላችሁ አሮጌ ጆንያም አትግዙ።

የዛሬው ዋጋ ማታ ይለጠፋል።