የባጃጅ ሞላ ሲቀየር፦ የጠነከረ ሁሉ የተሻለ ነውን?

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል፣ የክረምት ጎርፍ ከምዕራቡ ተራሮች ያወረደው አሸዋና ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለስ ባጃጅ ሞላው ሲደክም፣ ባለቤቱ በመለዋወጫ ሱቅ «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ማለት ይቀናዋል። ይህ ምርጫ ትክክል መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ልንመረምረው እንችላለን።

የሁክ ሕግ በኮረኮንች ላይ

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ የሞላ መጨመቅ ከሚጫነው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። ለስሌት እንዲመቸን በአንድ የኋላ ሞላ ላይ 150 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 1500 ኒውተን ያህል አርፏል እንበል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጨመቅ ሞላ «ሀ» 250 ኒውተን፣ ሞላ «ለ» ደግሞ 500 ኒውተን ይፈልጋሉ። ባጃጁ ቆሞ ሳለ «ሀ» 6 ሴንቲ ሜትር፣ «ለ» 3 ሴንቲ ሜትር ይጨመቃሉ ማለት ነው።

ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ድንጋይ ላይ በድንገት ቢወጣ፣ የባጃጁ አካል ገና ሳይነሣ «ሀ» 1250፣ «ለ» 2500 ኒውተን ተጨማሪ ኃይል ወደ ላይ ይገፋሉ። የ«ለ»ን ኃይል ለ150 ኪሎ ግራም ስናካፍል ፍጥንጥነቱ 16.7 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል፤ ይህም ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ይበልጣል። የተሳፋሪውን ወገብ የሚመታው ይኸው ነው።

የሚከፋው ግን ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ነው። «ሀ» 6 ሴንቲ ሜትር ተጨምቆ ስለነበር ጎማውን እስከ ጉድጓዱ ወለል ይጫነዋል። የ«ለ» ግፊት ግን 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። መሬትን ያልተጫነ ጎማ ሰበቃ የለውም፤ ሰበቃ ከሌለ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ አቅጣጫም አይጠበቅም። በሦስት እግር ብቻ ለሚቆም ተሽከርካሪ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከመጠን በላይ የላላ ሞላም ችግር አለው። አንድ ኩንታል ማሽላ ከኋላ ቢጨመርና ክብደቱ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ቢካፈል፣ «ሀ» ተጨማሪ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የመጨመቂያው ቦታ ካለቀ ብረት ከብረት ይጋጫል። ስለዚህ ሞላ የሚመረጠው ለተፈቀደው ጭነት እንጂ ጭነት ለማብዛት አይደለም፤ ሞላው ቢጠነክርም ፍሬኑና ሻሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸውና።

ሾክ አብዞርበሩስ?

ሞላ ጉልበትን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም። ሾክ አብዞርበሩ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ውዝዋዜውም ይረግባል። የሞላው ጥንካሬ እጥፍ ሲሆን፣ ውዝዋዜው እንደ ቀድሞው እንዲረግብ የሾክ አብዞርበሩ የማርገብ አቅም በ2 ካሬ ሥር፣ ማለትም ወደ 1.4 እጥፍ ማደግ አለበት። ሞላን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ሾክ አብዞርበር መተው ያልተሟላ ጥገና ነው።

በሱቁ ውስጥ

አንደኛ፣ የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ 11 ቢሆን ሞላው በ46 በመቶ ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ የጥቅልሉን ስፋት፣ የዙሮቹን ብዛትና ሳይጫን ያለውን ርዝመት ከፋብሪካው ሞላ ጋር አስተያዩ። ሞላ ቆርጦ ማሳጠርም ያጠነክረዋል፤ ከ8 የሚሠሩ ዙሮች 2 ቢቆረጡ ጥንካሬው በ33 በመቶ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ግራና ቀኙን በአንድነት ቀይሩ። አራተኛ፣ ሾክ አብዞርበሩ ዘይት እንዳያፈስ ተመልከቱ፤ ባጃጁን ወደ ታች ተጭናችሁ ስትለቁት ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ደክሟል።

ለተማሪዎች የቀረበ ጥያቄ፦ ባጃጁ ቆሞ ሳለ ያለውን የሞላ መጨመቅ በሴንቲ ሜትር ወስደን 5ን ለካሬ ሥሩ ብናካፍል፣ በሰከንድ የሚኖረውን የውዝዋዜ ብዛት በግምት እናገኛለን። ለ«ሀ» ውጤቱ 2 ያህል ነው። ለ«ለ» ስንት ይሆናል? 5 ቁጥር ከየት እንደመጣስ ከስበት ፍጥንጥነት ተነሥታችሁ አሳዩ።