በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

በመካነ ሰላምና በመቅደላ ደጋ፣ በዐጸዳቸው ድንች፣ ጎመን ወይም ችግኝ ለሚያለሙ አጥቢያዎች የማዳበሪያው ዋጋ ከምእመናን መባ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ጆንያው ከመፈታቱ በፊት ሰበካ ጉባኤው በላዩ የተጻፈውን ሊያነብ ይገባል።

በልማዱ ሦስቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከመቶ ስንት እጅ እንደሆኑ ያመለክታሉ። ዩሪያ 46-0-0 ነው። እንግዲህ በ50 ኪሎ ግራም ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ፎስፈረስ ግን ቅንጣት የለውም። ለረጅም ዘመን የምናውቀው ዳፕ 18-46-0 ነበር። የአገሪቱ የአፈር ለምነት ጥናት በብዙ ስፍራ የሰልፈር እጥረት መኖሩን ካሳየ በኋላ ግን ኤንፒኤስ ተተካ፤ ይህም 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፈረስና 7 እጅ ሰልፈር ይዟል። አንባቢ እንዲጠነቀቅ የምንሻው እዚህ ላይ ነው። ሰባቱ ሰልፈር እንጂ ፖታሲየም አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ፊደሉን የዘለለ ሰው የሌለውን ነገር እንደገዛ ይቆጥራል። ቦሮን የተጨመረበት ዓይነትም ስላለ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ያሻል።

የፎስፈረሱ ቁጥር ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የተሰላ ነው፤ ንጹሑ ፎስፈረስ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ 38 የተባለው 17 ገደማ ነው። ለሥር ማደግ የሚረዳው ይህ በመሆኑ፣ ኤንፒኤስ በተከላ ጊዜ ከዘሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀበራል። ዩሪያ ግን ተክሉ ከበቀለ በኋላ፣ እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ተሸፍኖ ይሰጣል፤ በገጽ ላይ ከተተወ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

መጠኑን በእፍኝ መገመት አይበጅም፤ የሰው እጅ ይለያያልና። ለሄክታር 100 ኪሎ ከተባለ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ማለት ነው። 2 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነ መደብ 100 ግራም ይበቃል። ትክክለኛውን ምክረ ሐሳብ ለአካባቢው አፈር የሚሰጠው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው። አሲዳማ በሆነ የደጋ አፈር ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚታሰር፣ ኖራ ያስፈልግ እንደሆነ እርሱን መጠየቅ ይቀድማል።

ያለ መለያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ማዳበሪያ፣ ዋጋው ቢረክስም እንዳይገዛ እንመክራለን።

ሁለቱም ማዳበሪያዎች ፖታሲየም ስለሌላቸው የማድቤት አመድ ለጓሮው ይጠቅማል። አመዱ ከዩሪያ ጋር ግን አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያስለቅቀዋል።