ስም ከነግሱ፦ ለእንግሊዝኛ ሪፖርት ጸሐፊዎች

ማኅሌት ይቆማል፤ ጸሎተ ኪዳን ይደርሳል፤ «ማኅሌት ተሠራ» የሚል ካህን ግን የለም። እንግሊዝኛም ለየስሙ የለመደው ግስ አለው። እኛ ስብሰባ እናደርጋለን፤ እነርሱ «ሆልድ ኤ ሚቲንግ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ይይዛሉ» እንደ ማለት ነው። ይህን ብናዛባ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

የውኃ ጉድጓድ ሪፖርት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በአማርኛ በእጅም ሆነ በማሽን «ጉድጓድ ተቆፈረ» እንላለን። በእንግሊዝኛ የእጁ «ዲግ ኤ ዌል»፣ የማሽኑ ጥልቅ ጉድጓድ «ድሪል ኤ ቦርሆል» ነው። ሰበካ ጉባኤው በማሽን አስቆፍሮ «ዲግ» ብሎ ቢጽፍ፣ ረጂው የእጅ ጉድጓድ መስሎት ወጪው ስለ ምን እንዲህ በዛ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ከመዝገበ ቃላት ከማውጣት ይልቅ፣ ከረጂው ጋር ከተፈረመው የውል ሰነድ ከነግሱ መቅዳት ይመረጣል።