አንድ ዛፍ፣ ሦስት ዝርያ
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚያልፍ መንገደኛ በእርሻ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ካየ፣ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 እንዲህ ያሉ ደኖችን መርምረው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 168 እንጨታማ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

ደን ሲጠብ ስንቱ ዝርያ ይጠፋል? የዝርያው ቁጥር የስፋቱን 0.25ኛ ርቢ ይከተላል ብለን ብንነሣ፣ ስፋቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሲወርድ ዝርያው በግማሽ ይቀንሳል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀመር ስንወድ መዝገቡን እንዘነጋለን። አንዱ መዝጋቢ «ጥድ»፣ ሌላው «ጽድ»፣ ሦስተኛው «ፅድ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሦስት ዝርያ ይቆጥራል፤ የተራቆተው ደንም ባለጸጋ ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ መለያ ቁጥር እንሰጣለን፤ መዝጋቢው በመስክ የጻፈውን ስም ግን ሳንነካ በጎኑ እናኖራለን።